መብራት በመጣ ቁጥር

የምሥራች ተክለጻድቅ በመንዟ ዘመሮ ከተማ በኖረችባቸው አራት ዓመታት ስልኳ ከጮኸ የሚደውሉት አብዛኛውን ጊዜ ጋሽ ወሰኔ ነበሩ። ጋሽ ወሰኔ የመሬት መዝገብ ክፍሉ የቀን ዘበኛ ናቸው። የሚሉትም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«የምሥራች፣ መብራት መጣ።»

«እሺ ጋሼ፣ መጣሁ።»

ሌላ ወሬ የለም። ሹራቧን ደርባ፣ የፕላስቲክ ቦቲዋን አጥልቃ፣ ጭቃውን እየረገጠች ሽቅብ ትወጣለች። ክፍሉን ከፍታ ሰርቨሩ ፊት ትቀመጣለች፣ አንዲት መስመር ትጽፋለች፣ በውጭው ክፍል ያሉት ኮምፒውተሮች መሥራታቸውን አይታ ትመለሳለች። በክረምት መብረቅ በበዛበት ቀን ይህ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል።

ክፍሉን ያቋቋመው አንድ ፕሮጀክት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ሰርቨር አምጥቶ፣ የገበሬውን የመሬት ይዞታ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጦ ሄደ። የምሥራች በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠረችው በዓመቱ መስከረም ላይ ነው። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። በከተማው በሙያዋ የሚያማክራት ሌላ ሰው አልነበረም። አለቃዋ አቶ ዳኜ ስለ ሰርቨሩ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ክፍሉ መቆለፍ እንዳለበት ብቻ ነው።

የሰርቨሩ ችግር እንዲህ ነበር። በውስጡ ማንም የማያየው፣ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። መዝገቡን የያዘው እሱ ነው፤ ከውጭው ክፍል ኮምፒውተሮች የሚመጣውን ጥያቄ እየተቀበለ የሚመልሰውም እሱ ነው። ሰርቨሩ በርቶ ሲነሳ ፕሮግራሙም ማንም ሳያዘው አብሮ ይነሳል። የሚነሳው ግን ከሰርቨሩ ከራሱ በቀር የማንንም ጥያቄ እንዳይቀበል ሆኖ ነው። ሠሪዎቹ ሲፈጥሩት ለጥንቃቄ ብለው እንዲያ አድርገውታል። ስለዚህ የምሥራች ታጠፋውና «ከኔትወርኩ የሚመጣውንም ተቀበል» የሚለውን ትእዛዝ ከጎኑ ጽፋ እንደ ገና ታስነሳዋለች። ይህን ስታደርግ ሁሉም ይሠራል። መብራት ሲጠፋ የሰርቨሩ መጠባበቂያ ባትሪ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይታገልና ይዝላል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ የነገረችውን ሁሉ ረስቶ እንደ ቀድሞው ይነሳል።

በመጀመሪያው ዓመት መፍትሔ ያገኘች መስሏት ነበር። ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን ፋይል ከፍታ ትእዛዙን እዚያው ውስጥ ጻፈችው። ሁለት ወር ያህል እፎይ አለች። ከዚያ የፕሮጀክቱ ሰዎች ፕሮግራሙን ሊያድሱ መጡ፤ አዲሱ ማስነሻ ፋይል በአሮጌው ላይ ተተካ፣ የሷም ጽሑፍ አብሮ ጠፋ።

«ማስነሻ ፋይሉን ለምን ነካሽው?» አላት አንደኛው ባለሙያ። «እኛ ባደስን ቁጥር ይጠፋብሻል እኮ።»

ታዲያ የት ልጻፈው ብላ ልትጠይቀው አስባ ነበር። ነገር ግን ጉም ሳይወርድባቸው ደብረ ብርሃን ለመግባት ይጣደፉ ነበር፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ክላክስ ያሰማል። ሳትጠይቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ለመደችው። ሰው ወገቡን ሲያመው ቀስ ብሎ መነሳት እንደሚለምድ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ መስመሯን በትልልቁ ወረቀት ላይ ጽፋ ጋሽ ወሰኔን ልታስተምራቸው ሞከረች። ጋሽ ወሰኔ ወረቀቱን አርቀውም አቅርበውም አዩት።

«ልጄ፣ እኔ ዳዊት ነው የምደግም» አሉና መለሱላት። «ይኸንን ፊደል የት አውቄው። ይልቅ አንቺን ብጠራሽ ይቀለኛል።»

እንዲህ ሆኖ የምሥራች ከስልኳና ከመብራቱ ጋር ታስራ ቀረች። የምትኖረው ወይዘሮ አልጣሽ ግቢ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። ወይዘሮ አልጣሽ ደግ ሴት ናቸው፤ ማኅበር ሲኖራቸው ይጠሯታል፣ ሰርግ ሲኖር «ነዪ አብረን እንሂድ» ይሏታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትሄድ ነበር። የምትቀመጠው ግን በሩ አጠገብ ነው፤ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ግማሽ ጆሮዋን ለጨዋታው ሰጥታ። ከምግቡ አጋማሽ ላይ ተነስታ ትወጣለች። ቆይቶ ሰዉ «እሷ እኮ ሥራ አላት» እያለ መጥራቱን ተወ። በክፉ አልነበረም፤ እንዳያስቸግሯት ብለው ነው። የምሥራችም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ገደል አፋፍ እየሄደች ብቻዋን መቀመጥ ጀመረች።

ከዚያ አፋፍ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል የመርሐቤቴ ምድር ይታያል። የተወለደችው እዚያ፣ ዓለም ከተማ ነው። በዓይን ሲያዩት እጅን ዘርግቶ የሚነኩት ይመስላል። በእግር ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ መውጣት ለደፈረ የሁለት ቀን መንገድ ነው። በመኪናም ቢሆን በደብረ ብርሃን፣ በአዲስ አበባ ዞሮ ያው ሁለት ቀን ይፈጃል።

አባቷ አቶ ተክለጻድቅ ዓለም ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግናሉ። እናቷ ፍሬሕይወት በግንቦት 2002 አርፋለች።

የዚያን ጊዜውን ነገር የምሥራች ለማንም ተናግራው አታውቅም። ረቡዕ ጠዋት ነው ስልኩ የመጣው። ያስደወሉት አባቷ ናቸው፤ የሚናገረው ግን የጎረቤት ሰው ነበር። «እናትሽ ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ ይሻላል» አለ። በማግስቱ ሐሙስ የዞን እንግዶች የኮምፒውተር መዝገቡን ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ከተማው ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። ዝናቡ ገብቷል፤ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል።

«እስከ ሐሙስ ብቻ» ብሎ ለመናት አቶ ዳኜ። «እንግዶቹ ፊት መዝገቡ አልከፈት ካለ ምን እላለሁ? ካንቺ በቀር የሚያስነሳው የለ። አርብ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ትሄጃለሽ።»

ቀረች። ሐሙስ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ አስነሳችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አርብ ተነስታ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዓለም ከተማ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። እናቷ አርብ ንጋት ላይ አርፋ፣ አርብ ከሰዓት ተቀብራለች። አባቷ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«ደረስሽ?» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። የምሥራች ያቺን ቃል ይዛ ተመለሰች። እያደረች ስታስባት እየከበደች ሄደች። ለአርባው አልሄደችም፤ ለዓመቱም አልሄደች። አባቷ ሲደውሉ «ሰርቨሩን ትቼ መምጣት አልችልም አባባ» ትላለች። ውሸት አልነበረም። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ይደውሉ የነበሩት አባቷ እየቆዩ በዓል በዓሉን ብቻ መደወል ጀመሩ።

በነሐሴ 2004፣ በፍልሰታ ጾም፣ የምሥራች ብርድ መታት። ትኩሳቱ ሲበረታባት ሁለት የሱፍ ባና ደርባ ተኛች፤ የስልኳ ባትሪ እንዳለቀ እንኳ አላወቀችም። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በማግስቱ ጉልበቷን አሰባስባ ቢሮ ስትደርስ ጋሽ ወሰኔ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ትላንት ደጋግሜ ብደውል የለሽም፤ በሩን ትቼ ቤትሽ ድረስ ልመጣ አልቻልኩ።»

«አሞኝ ነበር ጋሼ። መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

«ጠዋት ጠፍቶ አራት ሰዓት ላይ መጣ። እነዚያ ግን አልከፈቱም» አሉ ወደ ኮምፒውተሮቹ በአገጫቸው እየጠቆሙ። «አንዲት ሴት መጥተው ነበር፤ ሙሉመቤት ይባላሉ፣ ከጓሳ ወዲያ ማዶ ነው አገራቸው። ባላቸው ሞተውባቸው በሟቹ ስም የነበረው መሬት ወደ ስማቸው መዞሩን ሊያዩ ነው የመጡት። ሌሊት ተነስተው በእግራቸው ነው። እዚህች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እስክንዘጋ ጠበቁ።»

«ምንም አላሉም?»

«ምን ይላሉ። ሊሄዱ ሲሉ ‹ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው?› አሉኝ። አሟት ይሆናል ብላቸው ‹እግዜር ይማራት፣ ሰው አላት ወይ?› አሉና ሄዱ።»

የምሥራች ገባች። ሰርቨሩ ፊት ተቀምጣ መስመሯን ልትጽፍ እጇን ስትዘረጋ አልሆነላትም። ያላየቻቸው ሴትዮ አገራቸው ለመድረስ ምን ያህል በጭለማ እንደ ተጓዙ አሰበች። «ሰው አላት ወይ» ያሉትንም አሰበች። ከዚያ የለመደችውን መስመር ተወችና፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያንን አትንኪው የተባለችውን ማስነሻ ፋይል ከፈተች።

ልትነካው አልነበረም፤ ልታነበው ነው። ልጅ ሆና አባቷ ሱቅ ስትውል አባቷ የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣላቸው ወዲያው የብየዳ ካውያ አያነሱም ነበር። መጀመሪያ መብራት ከሚገባበት ሽቦ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ይሄዳሉ። «የሚያውቁት የሚመስለውን ቦታ አልፎ መሄድ ነው ሰውን የሚያደክመው» ይላሉ። የምሥራች ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይሉን ስትከፍት ቀጥታ ፕሮግራሙ የሚነሳበት መስመር ላይ ነበር የወረደችው። አሁን ከላይ፣ ከመጀመሪያዋ መስመር ጀመረች።

አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ቆመች። ፋይሉ በራሱ ቋንቋ እንዲህ ይላል፦ «ዲፎልት» በሚባለው ማኅደር ውስጥ በዚህ ፕሮግራም ስም የተጠራ ፋይል ካለ፣ ከሁሉ በፊት እሱን አንብብ፤ እዚያ የተጻፈውን ምርጫ ይዘህ አስነሳ።

«ኢቲሲ» የሚባለው የሲስተሙ ማስተካከያ ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቁ ማኅደር ነው። በሥሩ «ዲፎልት» የምትባል ንዑስ ማኅደር መኖሯን የምሥራች ታውቃለች፤ ስሟን መቶ ጊዜ አይታ አልፋታለች። ከፈተቻት። ውስጧ ትንንሽ ፋይሎች ተደርድረዋል። ከጀርባ የሚሠራው እያንዳንዱ አገልግሎት በስሙ አንዳንድ ፋይል አለው፤ ሰዓቱን የሚያስተካክለው፣ የማተሚያው፣ የኔትወርኩ። እያንዳንዷ ፋይል አገልግሎቱ ሲነሳ እንዴት ሆኖ ይነሳ የሚለውን ትይዛለች። ማስነሻ ፋይሉ ሲታደስ ይቀየራል፤ እነዚህን ግን ባለቤቱ እንደ ፈለገ እንዲጽፍባቸው ትተውለታል።

የመዝገቡም ፋይል እዚያው ነበረች። ስትከፍታት ከላይ ማስታወሻ አለ፦ «ፕሮግራሙ ሲነሳ የምትፈልጉትን ተጨማሪ ትእዛዝ እዚህ ጻፉ። ፕሮግራሙ ሲታደስ ይህ ፋይል አይነካም።» ከሥሩ አንድ መስመር፤ በመስመሩ መጨረሻ ሁለት ጥቅስ ምልክቶች ምንም ሳይዙ ተቀምጠዋል። ፋይሏ የተሠራችበት ቀን ከጎኗ ይታያል። ሰርቨሩ ዘመሮ የደረሰበት ቀን ነው።

በሁለቱ ጥቅሶች መካከል ትእዛዙን ጻፈች። ስምንት ወይ ዘጠኝ ፊደል ቢሆን ነው። ፋይሏን አስቀመጠችና ሰርቨሩን አጥፍታ አበራችው። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ማራገቢያው ጮኸ፤ ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ እየተንከባለለ አለፈ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ተነስታ ወደ ውጭው ክፍል ሄደችና አንዱን ኮምፒውተር ከፍታ የወይዘሮ ሙሉመቤትን ስም ጻፈች። መዝገቡ ወዲያው ወጣ። መሬቱ ወደ ስማቸው ከዞረ ወር ሆኖታል።

ጋሽ ወሰኔ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩ ነበር።

«እንዴ፣ ሳትጽፊለት ተነሳ?»

«አዎ ጋሼ። ከእንግዲህ በራሱ ይነሳል።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ፣ ተገላገልሽ!» ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ፊቷን ሲያዩት ግን እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀረ። የምሥራች ታለቅስ ነበር። ድምፅ የላትም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

«ተሠራ አላልሽም?»

«ተሠራ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«እዚያው ነበር ጋሼ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ እዚያው ነበር። ያን ረቡዕ… ያን ጊዜ ይኸን ባውቅ ኖሮ በዚያው ቀን እሄድ ነበር።»

ጋሽ ወሰኔ የትኛው ረቡዕ እንደ ሆነ አላወቁም። ከደጅ በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቧ ተቀመጡና እንባዋን እስክትጨርስ አብረዋት ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ከአራቱ ዓመታት ሁሉ ረዘመባት። መብራት ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲመጣ የወይዘሮ አልጣሽ ሬዲዮ ከተቋረጠበት መናገር ይጀምራል፤ ከታች ያለው ወፍጮ ያጓራል። የምሥራች ብድግ ትልና ቦቲዋን ታነሳለች። ከዚያ ይታወሳትና ቦቲውን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ስልኳ ዝም ብሏል። የጨነቃት የሥራው መቅረት አልነበረም። «ሥራ አለብኝ» ትለው የነበረው ነገር ሲነሳ ከሥሩ ሌላ ነገር እንደሌለ አየች። ማኅበር የሚጠራት የለም፣ ሰርግ የሚጠራት የለም፤ ራሷ ናት ያራቀቻቸው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ወሰኔ ናቸው።

«የምሥራች፣ መብራት መጣ።»

«አልሠራም እንዴ ጋሼ?» አለችና ተነሳች።

«የለም የለም፣ እየሠራ ነው። ጸሐፊዎቹ ልጆች ይጽፉበታል። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«ደህና። እንግዲህ ደህና ዋዪ።»

ያን ዕለት የዓመት ፈቃድ ጠየቀች። አቶ ዳኜ ማመልከቻውን ይዞ ረጅም ጊዜ አየው።

«ሰርቨሩስ?»

«በራሱ ይነሳል።»

«እስከ ዛሬ አይሆንም ስትዪን አልነበር?»

«አላወቅኩም ነበር» አለች። ይህን ማለት ከምንም በላይ ከበዳት። አቶ ዳኜ ግን ያን ያህል አላሰበውም፤ ፈርሞ ሰጣት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሄደች። ዓለም ከተማ የደረሰችው በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አባቷ ሱቅ ውስጥ አጎንብሰው ነበር። አርጅተዋል። መነጽራቸው አንዱ እጀታ ተሰብሮ በሽቦ ተጠምዝዟል። ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው ቀንሷል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ያለው አብዛኛው የሞባይል ቻርጀር ነው።

«የምሥራች?» አሉና ተነሱ። ጉንጭና ጉንጯን ሳሟት። «መንገዱ እንዴት ነበር?» «ደህና ነበር።» «ዝናቡ ወጥቷል እናንተ ጋ?» «ወጥቷል።» ቤት ሄደው እራት በሉ፤ አባቷ ራሳቸው የሠሩት ሽሮ ነው። ጨው በዝቶበታል። የምሥራች በላችው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ አብራቸው ሄደች። አባቷ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ጀርባውን ፈተው እያዩ ነበር። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይሻላል ብላ ከጎናቸው ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ስለ ረቡዕ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ ፋይሏ። አባቷ ብሎን መፍቻውን ይዘው አደመጡ።

«የት ነው አልሽ የተጻፈው?»

«‹ዲፎልት› የምትባል ማኅደር አለች። እያንዳንዱ አገልግሎት በስሙ ፋይል አለው። ሲነሳ እንዴት ይነሳ የሚለው እዚያ ነው የሚጻፈው።»

«ማስነሻው ላይ አይደለም ማለት ነው።»

«አይደለም። ማስነሻው ሲታደስ ይጠፋል። ያቺ ግን አትነካም።»

«ጥሩ አሠራር ነው» አሉ አባቷ፣ ከልባቸው። «ሠሪው አስቦበታል። ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ከላይ ጀምሬ ሳነብ አገኘሁት።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «አባባ፣ ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ሐሙስ እደርስ ነበር። በሕይወት እያለች እደርስ ነበር።»

አባቷ ብሎን መፍቻውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም።

«እናትሽ የወደቀችው ሰኞ ነው» አሉ።

የምሥራች ቀና አለች። «ሰኞ?»

«ሰኞ ጠዋት። እኔ ያስደወልኩት ረቡዕ። ሥራ ላይ ናት፣ አላውካት፣ ትንሽ ይሻላታል ብዬ ነው። እሷም ‹ልጄን አታስደንግጥብኝ› አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩ አጠገቤ ነበር።»

«አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅሽኝም። እኔም አልነገርኩሽ።»

«‹ደረስሽ?› ብቻ ነው ያሉኝ። የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ?» አባቷ ተገርመው አዩዋት። «አፌ አልፈታ ብሎኝ ነው እንጂ። ስትገቢ ሳይሽ ለምን ሰኞ አልጠራኋትም የሚለው ነው የመጣብኝ። ከዚያ ደግሞ አትመጪም። እኔም የቀረሽው አውቀሽብኝ መሰለኝ፤ ጎረቤት ነግሯት ይሆናል አልኩ።»

አንድ ሰው ቻርጀር ሊያሠራ በሩ ላይ ቆመ። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉት፣ «ከሰዓት በኋላ ና» አሉት። ሰውየው ሲሄድ ወደ ነገሩ አልተመለሱም። ምን ይመለሱ? እሳቸው ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ እሷ ከረቡዕ እስከ አርብ፣ ሁለቱም ሁለት ሁለት ቀን ዘግይተውባታል፤ የሚመልሰው ነገር የለም። ቢሆንም የምሥራች ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ቦታውን ሲለቅ ተሰማት። በቦታው የመጣው ደስታ አልነበረም፤ ኀዘን ብቻ ነው። ጥፋት ያልተቀላቀለበት ተራ ኀዘን። ለሁለት ዓመት ከአራት ወር የዘገየ።

በሦስተኛው ቀን አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አባቷ መቃብሩን በድንጋይ አስከብበውታል። አንዷ ድንጋይ ተነቃንቃ ስለነበር ተንበርክከው አስተካከሏት፤ የምሥራች አፈር አቀበለቻቸው። ጨርሰው ሲነሱ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ለምን ወደኔ አይመጡም? ክፍሌ ትበቃናለች።»

«ዘመሮ?» ፈገግ አሉ። «እኔ የቆላ ሰው ነኝ፣ ያን ብርድ አልችለውም። ደግሞ እሷን ማን ያያታል?»

ሰባት ቀን ቆየች። ወሬያቸው እንዳለፈው ጊዜ አጭር ነው፤ ዝምታው ግን አይቆረቁርም ነበር። እሷ ቻርጀር ትፈታለች፣ እሳቸው ይበይዳሉ። ከዘመሮ አንድም ሰው አልደወለም። በአምስተኛው ቀን ይህን ስታስተውል የሚሰማት ምን እንደ ሆነ ለራሷም አልለይ አላት።

የመመለሻዋ ጠዋት አባቷ እስከ መናኸሪያው ሸኟት። አውቶቡሱ ዘገየ፤ ከታች መንገድ ተንዶ ነው ተባለ። ግንብ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀሐዩ ሲሞቅ አባቷ አንቀላፉና ራሳቸው ቀስ ብሎ ትከሻዋ ላይ ዐረፈ። እንዳይነቁ ብላ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ክንዷ እስኪደነዝዝ። አውቶቡሱ ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ መጣ።

«ተኛሁ እንዴ?» አሉና ደንግጠው ተነሱ። ቦርሳዋን አንስተው ሰጧት። «ስትደርሺ ደውዪ።»

«እሑድም እደውላለሁ። እኔ ነኝ የምደውለው።»

«እሺ። ጥሩ።»

በመስኮት በኩል አየቻቸው። እጃቸውን አላውለበለቡም፤ ቆመው ብቻ ያያሉ። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ከዓይኗ ጠፉ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ የጥንቅሽ እስር ይዛለች። እድሜዋ ከእናቷ እድሜ አይርቅም።

«አባትሽ ናቸው?» አለቻት።

«አዎ።»

«ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?»

«ብቻቸውን ናቸው።»

«አይ…» አለች ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች። «አንቺስ የት ነሽ?»

«መንዝ። ዘመሮ።»

«ማን አለሽ እዚያ?»

የምሥራች ወትሮ እንዲህ ስትጠየቅ ስለ ሥራዋ ነበር የምትናገረው፤ ሥራዋ እንደማይለቃት፣ ጊዜ እንደሌላት። አሁን አፏን ከፍታ ያን ማለት አልቻለችም።

«እስካሁን ማንም የለኝም» አለች።

ሴትዮዋ ከእስሩ አንድ ጥንቅሽ መዝዛ ጉልበቷ ላይ ሰበረችውና የወፈረውን በኩል ሰጠቻት። አውቶቡሱ የጀማን ወንዝ ቁልቁለት ሲጀምር ሁለቱም ጥንቅሻቸውን በጥርሳቸው እየላጡ፣ ገለባውን በመስኮት እየወረወሩ ይወርዱ ነበር።